ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር፦ በእንግሊዝና በጀርመን

በአውሮፓ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልጁን ቤት ውስጥ ለማስተማር ሲያስብ፣ ከመጻሕፍቱ በፊት የሚኖርበትን አገር ሕግ መመርመር ይኖርበታል። በእንግሊዝ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የትምህርት ሕግ፣ ልጁ ለዕድሜውና ለችሎታው የሚስማማ የሙሉ ጊዜ ትምህርት እንዲያገኝ ወላጁን ቢያስገድድም፣ ይህን ግዴታ በትምህርት ቤት ወይም በሌላ መንገድ እንዲወጣ ይፈቅድለታል። ስለዚህ ቤተሰቡ ብሔራዊውን ሥርዓተ ትምህርት የመከተል ግዴታ ሳይኖርበት፣ የአማርኛ ንባብንና የኢትዮጵያን ታሪክ ከሒሳብና ከሳይንስ ጋር አዋህዶ ማስተማር ይችላል። ይሁን እንጂ ልጁ 16 ዓመት ገደማ ሲሆነው ለሚወስዳቸው ፈተናዎች ጣቢያ የሚፈልገውም ሆነ ክፍያውን የሚሸፍነው በአብዛኛው ወላጁ ራሱ ነው፤ ከወላጆቹ አንዱ ሥራውን መቀነስ ወይም መተው ሊኖርበትም ይችላል።

በጀርመን ግን ግዴታው መማር ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤት መገኘትም ነው። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ቤት ውስጥ ማስተማር አይፈቀድም፤ እምቢ ያለ ወላጅ መቀጮ ሊጣልበት፣ ከዚያም አልፎ የአሳዳጊነት መብቱ በከፊል ሊገደብ ይችላል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2019 እ.ኤ.አ. በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ጀርመን የቤተሰብን መብት አልጣሰችም ሲል ወስኗል።

የወላጁ ዋና ጭንቀት ልጁ አማርኛ እንዳይረሳ ከሆነ፣ እኔ የጀርመኑን መንገድ አልፈራውም። ከትምህርት ሰዓት በኋላና በሰንበት ፊደል ማስቆጠርን የሚከለክል ሕግ የለም፤ አዲስ የመጣ ወላጅ ሊያስተምረው የማይችለውን ጀርመንኛ ደግሞ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ሲውል ይለምደዋል።