አጥር ከማሠራታችን በፊት ግቢያችንን የለካልን ድርጅት

ባለፈው ሚያዝያ ሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኘው ቤታችን አጥር ያሠራነው ቅየሳንም የአጥር ሥራንም አብሮ በሚሠራ ድርጅት ነበር። ቀያሹ ስለ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ልጆቹ የሚጫወቱበትን፣ ጎመንና ጤና አዳም የተከልንበትን፣ ከዚያም ወዲያ ያለውን ጫካማ ቁልቁለት እየዞረ ተመለከተ። በብረት መፈለጊያው ሣሩን ሲያስስ መሣሪያው ጮኸ፤ አንድ ስንዝር ያህል ቢቆፍር የዛገ የወሰን ብረት ከነፕላስቲክ ቆቡ ብቅ አለ። ወሰናችን እኛ ከገመትነው አልፎ ጫካው ውስጥ ይገባ ነበር።

እኔም እስከ ወሰኑ ድረስ ይታጠርልኝ አልኩ። ቀያሹ ግን ይዞታን መለካት የእርሱ ሥራ እንደ ሆነ፣ በሕግ ግቢ የሚባለው፣ ማለትም እንደ ቤቱ ሁሉ ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ገብቶ እንዳይፈትሸው የሚጠበቀው የቤት ዙሪያ የቱ እንደ ሆነ ግን የሚወስነው ፍርድ ቤት መሆኑን ነግሮኝ፣ ከማሳጠሬ በፊት እንዳጣራ መከረኝ። ለዚህ ምክሩ ብቻ እንኳ ባመሰግነው አይበዛበትም።

እኛ ግቢ የምንለው በአጥር የተከበበውን ሁሉ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1987 በቴክሳስ እርሻ ጉዳይ አራት ነገሮችን መዝኗል፤ ቦታው ለቤቱ ያለውን ቅርበት፣ ከቤቱ ጋር በአንድ አጥር መከለሉን፣ የሚሰጠውን አገልግሎትና ባለቤቱ ከአላፊ አግዳሚ ዓይን ለመከለል ያደረገውን ጥረት። ከቤቱ 55 ሜትር ያህል ርቆ፣ ከቤቱ አጥር ውጭ የነበረው ጎተራ ግቢ አልተባለም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2018 እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቤት ጎን ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ገብቶ የሞተር ብስክሌት ሸራ በመግለጡ፣ የዚሁ ፍርድ ቤት ስምንት ዳኞች በአንድ ተቃውሞ ቦታው የግቢ ጥበቃ እንዳለው ወስነዋል። ግቢ ያልሆነው ሜዳና ጫካ የራስ ይዞታ ቢሆንም፣ «መግባት ክልክል ነው» ቢባልበትም ይህ ጥበቃ የለውም።

ስለዚህ የአትክልት ቦታውን ከቤቱ ጋር አንድ ላይ አሳጠርን፤ ጫካውን ተውነው። ሠራተኞቹ ከመቆፈራቸው በፊት ከመሬት በታች ያሉ መሥመሮችን ለማስጠቆም በሚደወልበት ቁጥር በ811 በኩል የጋዙ መሥመር የሚያልፍበት በቢጫ፣ የኤሌክትሪኩ በቀይ ቀለም እንዲመለከት አድርገዋል፤ ቋሚዎቹም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቅር ያሰኘኝ የበሩ ሥራ ነው። ማጠፊያው በሁለተኛው ሳምንት ተንጋደደና መቀርቀሪያው አልገጥም አለ፤ ሦስት ጊዜ ደውዬ በአሥራ አንደኛው ቀን መጥተው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቀየሩት።