መመሪያውን ከካርቶኑ አውጥተው ስለሚሸጡት የሚያንቀጠቅጥ ማሽን

ቆሞ በመንቀጥቀጥ ብቻ ቦርጭ ይጠፋል፣ ጉልበት ይጠነክራል፣ ስኳር ይወርዳል እየተባለ በቲክቶክና በቴሌግራም የሚለፈፍለትን ማሽን ለቤታችሁ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ በተለይም ለእናት ለአባታችሁ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ስታዲየም አካባቢ ካሉት የንግድ ሕንፃዎች በአንደኛው ውስጥ ባለ ሱቅ ትናንት ከሰዓት በኋላ በእናቴ ላይ የተፈጸመው ንቀት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም፤ ሌሊቱንም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሱቁን ዓይነት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ አንድ ቪዲዮ ያለማቋረጥ ይታያል፤ ሻጩ ነጭ ጋዋን ለብሷል፤ ከጠረጴዛው በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ዋጋው በደረሰኝ አንድ፣ ያለ ደረሰኝ ሌላ ነው፤ ክፍያውም በድርጅቱ ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ ይገባል። የእኛም 38,000 ብር የገባው በዚሁ መንገድ ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ «የደረሰኝ ማሽኑ ኔትወርክ የለውም፣ ሌላ ቀን መጥተሽ ትወስጃለሽ» ተብዬ የተሰጠኝ ማኅተም ያረፈበት፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ብቻ ነበር።

እናቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወድቃ የዳሌዋ አጥንት በመሰበሩ በቀዶ ሕክምና ብረት ገብቶላታል። ስኳርም አለባት። ሐኪሟ መራመድ እንዳለባት ደጋግሞ ነግሯታል፤ የሰፈራችን መንገድ ግን በግንባታ ምክንያት ተቆፍሮ ለእርሷ እግር የሚመች ስላልሆነ፣ ቤት ውስጥ የምትንቀሳቀስበትን ነገር ስንፈልግ ነው ወደዚህ ማሽን የሄድነው። ይህንን ሁሉ ለሻጩ የነገረችው እርሷ ራሷ ናት። እጇን ዳሌዋ ላይ አድርጋ «ልጄ፣ እዚህ ጋ ብረት አለብኝ፤ ይህ ነገር አይጎዳኝም?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም ክንዷን ደግፎ ማሽኑ ላይ እያወጣት «ማዘር፣ እንዲያውም ለእርስዎ ነው የተሠራው። ብረቱን ከአጥንቱ ጋር ያዋህድልዎታል። ሐኪሞች ለራሳቸው እናት የሚገዙት ይህንን ነው» አላት። በላዩ ላይ 10 ደቂቃ መቆም የአንድ ሰዓት ሩጫ ያህል እንደሆነ፣ የሳሳ አጥንት እንደሚሞላ፣ ጠፈርተኞችም እንደሚጠቀሙበት ጨመረበት። ስንወጣ ካርቶኑን ራሱ ተሸክሞ እስከ ሊፍቱ ድረስ ሸኘን።

ቤት ወስደን ስንከፍተው ማሽኑ፣ የእጅ መጎተቻ ገመዶቹና ሪሞቱ በካርቶኑ ውስጥ ነበሩ፤ የአጠቃቀም መመሪያ ግን አልነበረም። ደውዬ ስጠይቅ «መመሪያ የለውም፤ በጣም ቀላል ስለሆነ አያስፈልገውም» ተባልኩ። እናቴም ሻጩ እንዳሳያት በዝቅተኛው ፍጥነት መቆም ጀመረች። ሳምንት ሳይሞላ ብረቱ ባለበት በኩል ሌሊት ሌሊት ይቆረጥማት ጀመር፤ ከማሽኑ ስትወርድም ያዞራት ነበር። ሐኪሟ ነገሩን ገና ሲሰማ ዳግመኛ እንዳትወጣበት አዘዘ። ራጅ ተነሥታ ብረቱ ከቦታው አለመነቃነቁ ታየ፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን።

ትናንት ማሽኑን በኮንትራት ታክሲ ጭነን መለስነው። እናቴ እቤት እንድትቀር ብለምናትም «ልጁ ጨዋ ነው፤ ሁኔታዬን ካየ ይረዳናል» ብላ አብራኝ መጣች። ሻጩ ያው ሰው ነበር። መጀመሪያ አላውቃችሁም አለ። ወረቀቱን ሳሳየው ማሽኑን ሶኬት ላይ ሰክቶ አስነሣውና «ይኸው ይሠራል፤ ምን ሆነ?» አለኝ። የሐኪሙን ማስረጃ ስሰጠው ሳያነበው ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። እናቴ ብረት እንዳለባት አስቀድማ መናገሯን፣ እርሱም ለእርሷ የተሠራ ነው ብሎ መሸጡን አስታወስኩት። ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛውን መሳቢያ የከፈተው ያን ጊዜ ነው።

መሳቢያው በማሽኑ የአጠቃቀም መመሪያዎች የተሞላ ነበር፤ ሁሉም ከየላስቲካቸው ገና ያልወጡ። ከላይ ያለውን አነሣ፣ ላስቲኩን ቀደደ፣ ገጹን መፈለግ እንኳ ሳያስፈልገው በአንድ ጊዜ ገልጦ በጣቱ እየጠቆመ ወደ አማርኛ መለሰልኝ፦ ነፍሰ ጡር፣ የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ የደም መርጋት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ በአጥንቱ ውስጥ ብረት ወይም ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የገባለት ሰው ይህንን ማሽን መጠቀም የለበትም። ከዚያም ዘጋውና «ተጽፏል እኮ! ሴትዮዋ ብረት እንዳለባት እያወቀች ለምን ወጣችበት? ጥፋቱ የራሳችሁ ነው» አለኝ። እናቴ አጠገቤ ቆማ እየሰማች ነበር።

ገጹን በሚገባ ያውቀዋል። እናቴ እጇን ዳሌዋ ላይ አድርጋ በጠየቀችው ጊዜም ያውቀው ነበር፤ እያወቀ ነው ክንዷን ደግፎ ያወጣት። መመሪያውን ከየካርቶኑ እያወጡ የሚያከማቹት ገዢው ቤቱ ሄዶ እንዳያነበው ነው፤ ገዢው ተጎድቶ ሲመለስ ደግሞ የደበቁትን ወረቀት አውጥተው እርሱኑ ይከሱበታል። መመሪያው ለምን ካርቶኑ ውስጥ እንዳልነበረ ስጠይቅ፣ ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ ማን ያነበዋል ብለን ነው» አለች። እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተማረች ናት። አንድም ቃል ሳትመልስላት ወደ በሩ ሄደች። በዚሁ መካከል አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር ሲገቡ ሻጩ ወዲያው ፊቱን አብርቶ «ፋዘር፣ እንኳን ደኅና መጡ» ሲል ሰማሁት። ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳይገዙ ነገርኳቸው፤ ሻጩም የሕንፃውን ጥበቃ ጠርቶ እኔንና ማሽኑን ከሱቁ አስወጣን።

ማሽኑ ለማንም ሰው ቢሆን የሚባልለትን ያህል ዋጋ የለውም። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በውስጡ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በሚንቀጠቀጥ ሰሌዳ ላይ ዝም ብሎ መቆም ቢበዛ ቀስ ብሎ ከመራመድ የበለጠ ኃይል አያስወጣም፤ ይህም በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ካሎሪ ቢሆን ነው። በየቀኑ ሳያቋርጡ ቢቆሙበት እንኳ አንድ ኪሎ ለመቀነስ ከስድስት ወር በላይ ይፈጃል ማለት ነው፤ እርሱም በምግብ ላይ አንድ ጉርሻ ካልተጨመረ ነው። አጥንት ይሞላል ስለተባለው፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ በካናዳ ቶሮንቶ የተካሄደ ጥናት የወር አበባቸው የተቋረጠ 202 ሴቶችን ለ12 ወራት ተከታትሎ፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ በንዝረት ሰሌዳ ላይ የቆሙት ካልቆሙት የተሻለ የአጥንት ጥግግት እንዳላገኙ አረጋግጧል። ጠፈርተኞችን ያነሣው ደግሞ ከሁሉ ያስቆጣኛል። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያሉት ጠፈርተኞች ጡንቻና አጥንታቸው እንዳይሟሽሽ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል የሚደክሙት በመሮጫ ማሽን፣ በብስክሌትና ክብደት በሚተካ መሣሪያ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በባለሙያ ክትትል፣ ጉልበትን አጥፎ በሰሌዳው ላይ ስፖርት እየተሠራ ሲሆን በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የእግር ጥንካሬ እንደሚያግዝ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ይህ ግን በሕክምና ቦታ፣ ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን ተለይቶ የሚሰጥ ነገር እንጂ ሱቅ ውስጥ «ማዘር ይውጡ» ተብሎ የሚሰጥ አይደለም። ንዝረት እንደ መድኃኒት ሁሉ መጠን አለው። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥራ ደኅንነት መመሪያ የትራክተርና የከባድ ተሽከርካሪ ሾፌሮችን የመሰሉ ሠራተኞች ወገባቸው እንዳይጎዳ፣ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን መላ ሰውነታቸው የሚያርፍበትን ንዝረት በ1.15 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር (የንዝረት ብርታት በሚለካበት አሃድ) ገድቧል። ለጤነኛ ሾፌር ጣሪያ የተበጀለትን ነገር ነው አጥንቷ በብረት ለተጠገነ እናት ያለ ምንም ጥያቄ ያስረከቡት። ያን ሁሉ ገንዘብ ከከፈልን በኋላ ፊዚዮቴራፒስቷ ለእናቴ ያዘዘችላት ከወንበር ቀስ ብሎ መነሣትና መቀመጥን፣ ግድግዳ ይዞ በእግር ጣት መቆምንና በኮሪደር መራመድን ነው፤ ለዚህ አንድ ብር አይወጣም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ስለ ዕቃው አሳሳች ነገር መናገርንም ይከለክላል። እኛ ከገዛን 15 ቀን አልሞላንም። ሻጩ «ይሠራል» እያለ ሞተሩን ማስነሣቱ አያድነውም፤ አቤቱታዬ ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ መሳቢያው ነው። የባንኩን የገንዘብ ማስተላለፊያ ማረጋገጫ፣ በእጅ የተጻፈውን ወረቀትና የሐኪሙን ማስረጃ አያይዤ ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ።

ይህን ሁሉ አንብባችሁም ለመግዛት ከቆረጣችሁ ካርቶኑን እዚያው አስከፍቱ፤ መመሪያው ከሌለ አትክፈሉ፤ ከደረሰኝ ማሽን የወጣ ደረሰኝ ሳትይዙም አትውጡ። እንዲህ ያለውን ማሽን ያለ መመሪያ ገዝታችሁ ወላጆቻችሁ እየቆሙበት ከሆነ ግን ዛሬውኑ አስቁሟቸውና ሐኪማቸውን አማክሩ፤ ስታዲየም አካባቢ ከዚህ ዓይነት ሱቅ የገዛችሁም ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አቤቱታውን አብረን እናቅርብ።