እማዬን ቆሮሶ ያስበላው አሞራ ገደል

እናቴ አሳ አትበላም። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች ሰው ናት፤ ለእሷ አሳ ማለት ሽታ ነው። ባለፈው ወር ለዘመድ ሠርግ ሐዋሳ ስንሄድ ግን «አንድ ጉርሻ ብቻ» ብዬ ለምኜ ሰኞ ጠዋት ባጃጅ ላይ አሳፈርኳት።

ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የደረስነው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቷን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። ማታ ሐይቁ ላይ የተጣለው መረብ የሚወጣው ጠዋት ነው። ጀልባዎቹ ዳር ተደርድረዋል፤ ልጆቹ አሳውን ከመረብ እየፈለቀቁ ይወረውራሉ፤ ቢላ የያዙት ደግሞ ቅርፊቱን ይፍቃሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የተጣለውን ሆድቃ እየጠበቁ እግራችን ስር ቆመዋል። ቁመታቸው እማዬን ደረት ድረስ ይመጣል። «እነዚህን ደግሞ ማን ጠራቸው?» አለች ነጠላዋን እየሰበሰበች።

ጥብስ የምትሠራዋ ሴትዮ አሳውን ራሳችን እንድንመርጥ ነገረችን። እዚያ ቲላፒያን ቆሮሶ ነው የሚሉት። ዓይኑ ጥርት ያለውን፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን አንስቼ ሰጠኋት። አምባዛም ነበር፣ ግን እሱን ለጉላሽ ተዉት፤ ለሙሉ ጥብስ ቆሮሶን የሚያህል የለም። ጎንና ጎኑን በቢላ ተለተለችው፣ ጨው ነሰነሰች፣ የጋለው ዘይት ውስጥ ለቀቀችው። ቸስ! ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ አታገላብጠውም። እንዲያውም ረሳችው ብዬ ሰግቼ ነበር።

የመጣው በትሪ ነው፤ ከዳቦ፣ ከሎሚና ከዳጣ ጋር። ቆዳው ደርቋል፣ ውስጡ ግን ነጭና እርጥብ ነው። ጭራው እንደ ቆሎ ይቆረጠማል። ዳጣው ቃሪያና ነጭ ሽንኩርቱ ገና የተወቀጠ ስለነበር እንባዬን አመጣው። ሹካ አትጠይቁ፣ እሾሁን የሚያውቀው ጣት ነው።

እማዬ መጀመሪያ ዳቦውን ብቻ በዳጣ ታጣቅስ ነበር። ከዚያ ከእኔ በኩል ትንሽ ቆነጠረች። ዝም። ደግማ ቆነጠረች። «ይሄኛው አይሸትም» አለች። ትንሽ ቆይታ እሾሁን እየለቀመች እኔን ማጉረስ ጀመረች።

ጎናችን የተቀመጡት ጎረምሶች ጥሬውን በዳጣ ይበሉ ነበር። እኔ አልደፈርኩም። የአሳ ሾርባው ግን ያቃጥላል፣ ላብ ያስመጣል፣ የሠርግ ማግስት ጭንቅላትን ያስተካክላል።

አሁን ወደ ሰዓቷ። ማክሰኞ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኗል፣ የሰኞዋን ሴትዮ አጣኋት። ሌላ ቦታ ተቀመጥኩ። ዘይቱ እንደ ቡና ጠቁሯል። አሳው ቀድሞ ተጠብሶ የተቀመጠ ነው፤ መልሰው ነክረው «ትኩስ ነው» ብለው አቀረቡልኝ። ደረቅ፣ መራራ። ሒሳቡ ደግሞ ከሰኞው በለጠ፣ ዋጋ ሳልጠይቅ መቀመጤ የራሴ ጥፋት ነው። ስለዚህ በጠዋት ሂዱ፣ መጥበሻው ውስጥ ያለውን ዘይት አይታችሁ ተቀመጡ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሶፍትም ያዙ፤ በሁለቱም ቀን እጄን የታጠብኩት ከገዛሁት የሃይላንድ ውሃ ነው።

ረቡዕ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ እማዬ በአሞራ ገደል በኩል እንለፍ አለች። ጾም ነው፤ አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ደግሞ እሷ ፊት አታነሱም፣ ለእሷ ዶሮና አሳ አንድ ናቸው። ለሐሙስ ነው አለችኝ። ስድስት ቆሮሶ ተከራክራ ገዛች፣ በበረዶ አስጠቅልላ እግሯ ስር አስቀመጠች። 275 ኪሎ ሜትር ሙሉ አንድ ጊዜም መስኮት ክፈቱ አላለችም።