ኤሌክትሪክ እየጠፋ ለሚመለስባት መኪና ባትሪና ዲናሞ ከመግዛታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ መኪና ለምታሽከረክሩ ወገኖቼ ነው። ባለፉት ሦስት ወራት የመኪናዬ ኤሌክትሪክ በድንገት እየጠፋ ተመልሶ እየመጣ ሲያስቸግረኝ፣ ደሴ ውስጥ የሚገኝ አንድ ጋራዥ ሦስት ጊዜ በተከታታይ አስከፍሎኝ በድምሩ 41,300 ብር አውጥቻለሁ። ብልሽቱ በመጨረሻ የተገኘው ግን ከባትሪው ተነሥቶ ከመኪናዋ አካል ጋር በሚታሰር፣ ክንድ በማይሞላ አንድ ገመድ ላይ ነው። የጋራዡን ስም አልጠራም። እንድታውቁት የምፈልገው አሠራሩን ነው፤ ምክንያቱም ሰው ገንዘቡን ከፍሎ መኪናው እንደ ዳነች አምኖ እንዲሄድ የሚያደርግ፣ እኔንም ሦስት ጊዜ ያሳመነ አሠራር ነው።

ነገሩ የጀመረው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ላይ ነው። አንዱን ጠመዝማዛ ጨርሼ ወደ ቀጣዩ ስዞር የዳሽቦርዱ መብራት በሙሉ ጠፋ፣ ሬዲዮው ዝም አለ፣ ወዲያውም ሞተሩ ቆመ። መሪው ከበደኝ፤ ፍሬኑም ሁለት ጊዜ ያህል ከረገጥኩት በኋላ ጠጠረ። እንደምንም ዳር ይዤ በእጅ ፍሬን አቆምኳት። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ «ቀጭ» የሚል ድምፅ እንኳ አላሰማም። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቼ ስሞክራት ግን ምንም እንዳልደረሰባት ሁሉ ተነሣች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፦ ቁልቁለት ላይ ሞተር ቢጠፋባችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትርገጡ፤ ለፍሬኑ ጉልበት የሚሰጠው ሰርቮ ውስጥ የሚቀረው አቅም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚበቃ አንድ ጊዜ አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ያዙት፣ ማርሹን አታውጡ፣ መሪው እንዳይቆለፍባችሁም መኪናዋ ሳትቆም ቁልፉን አትንቀሉ።

ወደ ጋራዡ በሄድኩ ጊዜ መኪናዋ በደንብ ትሠራ ነበር። ባለሙያው ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን አየና «የደሴ ብርድ ባትሪ አያስከርምም» አለኝ። ብርድ የባትሪን አቅም እንደሚቀንስ እኔም ስለማውቅ ተቀበልኩት፤ 11,500 ብር ከፍዬ አዲስ ባትሪ ተገጠመልኝ። ዘጠኝ ቀን ያለ ችግር ነዳሁ። በአሥረኛው ቀን ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያው ነገር ተደገመ። ስመለስ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ደካማ ነው ተባልኩ፤ ያገለገለ ዲናሞ ከነእጅ ዋጋው በ18,800 ብር ተቀየረልኝ። ይህኛው አሥራ ስድስት ቀን አቆየኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ «ኮምፒውተሯ ነው» ተብሎ ለጥገናው 11,000 ብር ከፈልኩ፤ ከአራት ቀን በኋላ መኪናዋ ሐይቅ መንገድ ላይ እንደገና ጠፋችብኝ።

ከሁሉ በላይ እንዲገባችሁ የምለምናችሁ እነዚያ ዘጠኝና አሥራ ስድስት ቀናት ከየት እንደ መጡ ነው። ባትሪ ሲቀየር ሁለቱም ሞርሴቶዎች፣ ማለትም ገመዶቹን ከባትሪው ምሰሶዎች ጋር የሚያስሩት ማያዣዎች፣ ይፈታሉ፣ ገመዶቹ ይነሣሉ፣ ይጣመማሉ፣ መልሰውም ይጠብቃሉ። ዲናሞም ሆነ ኮምፒውተር ሲፈታ አስቀድሞ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል። የዛገ ወይም የላላ ገመድ በዚህ መነካካት ብቻ ለጊዜው ግንኙነቱ ይመለስለታል። ስለዚህ የትኛውም ዕቃ ቢቀየር መኪናዋ የዳነች ትመስላለች፤ ባለቤቱም ያመሰግናል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። መንገዱ ሲያንገጫግጫት፣ ወይም ደሴ ውስጥ በጦሳ ተራራ ሥር ካለው የጧት ቅዝቃዜ ወርዳ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ስትገባና ብረቱ ሲሞቅ፣ ግንኙነቱ ዳግም ይላቀቃል። ባለሙያው ይህን እያወቀ ዝም ብሎኝ እንደሆነ መፍረድ አልችልም። ነገር ግን በሦስቱም ጊዜ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) በእጁ ይዞ አላየሁትም፤ ሳይለኩ ዕቃ ማስቀየር ደግሞ፣ ሆን ተብሎ ቢደረግም ባይደረግም፣ የደንበኛን ገንዘብ ማባከን ነው።

ብልሽቱን ያገኙልኝ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ቤት የሚሠሩ ሸምገል ያሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው። ተናድጄ ታሪኬን ስዘረዝርላቸው «አብሽር ልጄ» አሉኝና ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ከጠፋች በኋላ ስትነሣ የዳሽቦርዱ ሰዓት ትክክል ነው ወይስ ይመለሳል?» ሰዓቱ ሁልጊዜ 1:00 ላይ ተመልሶ አገኘው ነበር፤ ነገር ግን ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። እንደ ነገሩኝ ከሆነ ሰዓቱ ቁልፍ ተነቅሎም ቢሆን በቀጥታ ከባትሪው ኃይል የሚያገኝ ዕቃ ነው። ብልሽቱ ማስነሻ ቁልፉ ላይ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ብትጠፋም ሰዓቱ አይነካም ነበር። ሰዓቱ የሚመለስ ከሆነ ግን የተቋረጠው ዋናው መስመር ነው፤ ማለትም ሞርሴቶዎቹ፣ ዋናው ፊውዝ ወይም ባለሙያዎች «ማሳ» የሚሉት፣ ባትሪውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ገመድ። ዲናሞ ቢደክም መብራቱ ቀስ በቀስ እየፈዘዘ፣ የባትሪው ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ እየበራ ይመጣል እንጂ ሁሉም ነገር በአንድ ቅጽበት ጠፍቶ ከደቂቃዎች በኋላ በራሱ አይመለስም።

ቀጥሎ ያደረጉት እኔ ሦስት ወር ሙሉ ያላየሁትን ነው። ምንም ገመድ ሳይነኩ፣ ሞተሩ ጠፍቶ የፊት መብራቱ እንደ በራ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን ቀለም በሌለበት የአካሉ ብረት ላይ አሳረፉ። በጤናማ መኪና ይህ ልኬት ከ0.2 ቮልት ሊበልጥ አይገባም። ባትሪው ራሱ የፊት መብራቱ በርቶም በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል 12.4 ቮልት እያሳየ ስለነበር ችግሩ ከእርሱ አልነበረም። ከዚያ የማሳውን ገመድ በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀስ ብለው ሲያወዛውዙት የፊት መብራቱ ፈዘዘ፣ በኔጌቲቭ ምሰሶውና በአካሉ ብረት መካከል የሚለካው ቁጥርም ወደ 7.9 ቮልት ወጣ፤ ሲለቁት ተመልሶ ወረደ። ገመዱን በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈትተው ጫፉ ላይ ያለውን ጥቁር ሽፋን በምላጭ ሲሰነጥቁት፣ ከመዳቡ ቀለበት ሥር ያለው ሽቦ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ በእጃቸው ላይ ረገፈ። ያልተበጠሱት ክሮች ጥቂት ነበሩ። ከላይ ሲታይ ግን ገመዱ ደህና፣ ብሎኑም የጠበቀ ይመስል ነበር። አዲስ ገመድ ሠርተው፣ የሚታሰርበትን ብረት በአሸዋ ወረቀት ጠርገው አሰሩልኝ። የዕቃውና የእጃቸው ዋጋ በአንድ ላይ 900 ብር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሐረጎን በየቀኑ እመላለስበታለሁ፤ ሰዓቱም አልተመለሰም።

ባትሪና ዲናሞ አይበላሹም እያልኩ አይደለም። ይበላሻሉ፤ ነገር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሊለኩ የሚችሉ ናቸው። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ዲናሞው በአብዛኛው መኪና ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ድረስ ያደርሰዋል። እነዚህ ቁጥሮች ደህና ከሆኑ፣ ባትሪውም ሞተር ሲያስነሣ ካልደከመ፣ ለመቀየር ምክንያት የለም፣ ደህና ካልሆኑም ባለሙያው ቴስተሩን ሊያሳያችሁ ይገባል። ኤሌክትሪኩ እየሄደ የሚመጣ ከሆነ ልኬቱ ትርጉም የሚኖረው ብልሽቱ ባለበት ሰዓት፣ ወይም ገመዶቹ እየተወዛወዙ ሲለካ ነው። ከቻላችሁ መኪናዋ በጠፋችበት ቅጽበት ምንም ሳትነኩ ሰዓቱን፣ የውስጥ መብራቱንና ጥሩምባውን ሞክሩና የሆነውን በስልካችሁ ቀርጻችሁ አስቀምጡ።

ሌላው በብርቱ የማስጠነቅቃችሁ ነገር ዲናሞን ለመፈተሽ ተብሎ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሞርሴቶ መንቀል ነው። ይህ በኔም መኪና ላይ ተደርጓል። በቀድሞዎቹ፣ ኮምፒውተር በሌላቸው መኪኖች ላይ የተለመደ ነበር። ዛሬ ባሉት መኪኖች ላይ ግን ባትሪው በድንገት ሲለይ የዲናሞው ቮልት በቅጽበት ሊያሻቅብና ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። እንደዚያ ሊያደርግ እጁን የሚዘረጋ ካለ አስቁሙት።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ምን እንደ ተለካና ስንት እንደ ተገኘ ጠይቁ፤ የሚቀየረው ዕቃ፣ ዋጋውና የዋስትናው ጊዜ በደረሰኝ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ፤ የወጣውንም ዕቃ እጃችሁ ሳታስገቡ አትሂዱ። እኔ የባትሪውን ደረሰኝ ብቻ ይዣለሁ፤ ለሌሎቹ በቃል ተስማምቼ ከፈልኩ። ቅሬታዬን በዚህ ሳምንት ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ላቀርብ ሰነዶቼን ስሰበስብ የጎደለብኝ የእነዚህ ደረሰኝ ነው። ጤነኛ የነበረውን የቀድሞ ዲናሞዬንም ጋራዡ እስካሁን አልመለሰልኝም።