ቴሌብር በጎጃም ገበያ፦ *127# እና አፑ ሲመዘኑ

የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የሆነው ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ይዞ የመጣው ጥቂት ነገር ነበር፦ ብር ማስገባት፣ ማውጣት፣ መላክ፣ መክፈል፣ ካርድ መሙላት። መላ (አነስተኛ ብድር)፣ እንደኪሴ (ሂሳብ ሲያንስ የሚሞላ ብድር) እና ሳንዱቅ (ቁጠባ) የተጨመሩት በ2014 ማብቂያ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ትክክል ነው። ያለ መያዣ ብድር የሚፈቀደው የሰውየው የገንዘብ እንቅስቃሴ ታይቶ ስለሆነ፣ አስቀድሞ የተጠራቀመ የዝውውር ታሪክ ባይኖር መላ የሚመዝነው ነገር አያገኝም ነበር።

ለቡሬ፣ ለፍኖተ ሰላም ወይም ለቢቸና ገበያተኛ ግን ቴሌብር ማለት አፑ ሳይሆን በስልክ የሚደወለው *127# የሚባለው ኮድ ነው። በቁልፍ ስልክ ይሠራል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። በ2015 ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም ታይቷል። የኮዱን ዲዛይን የገራው የጽሑፍ ቦታው ጥበት ነው። አንድ የዩኤስኤስዲ (እንደ *127# ያለው የኮድ አሠራር) መልእክት በላቲን ፊደል እስከ 182 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 80 ያህል ብቻ። አዲስ አገልግሎት በገባ ቁጥር አንዱ ነባር ወደ ቀጣዩ ገጽ ይገፋል፤ ገጹ ሲበዛ ደግሞ ሳይጨርሱ መስመሩ የመቋረጡ ዕድል ይጨምራል። ስለዚህ ምን ይግባ፣ ምን ይቆይ ብሎ መምረጥ ግድ ነው። አፑ ይህ ገደብ ስለሌለበት አገልግሎት በአገልግሎት ላይ ተደራርቦበታል፤ ብር ሊልክ ብቻ የከፈተ ሰው ቦታውን ሲፈልግ ይቆያል። እዚህ ላይ አገልግሎት ለመጨመር ያለው ችኮላ ጎልቷል።

የቴሌብርን ዕድገት ልክ የሚወስነው ለደንበኛው ብር የሚያስገባውና የሚያወጣው ወኪል ነው። ወኪሉ ሁለት ኪስ አለው፦ በእጁ ያለው ጥሬ ብርና በስልኩ ያለው ሂሳብ። አንዱ ሲሞላ ሌላው ይጎድላል። ጤፉና በቆሎው በሚሸጥበት በጥርና በየካቲት፣ ገበያ ቀን አውጪው ስለሚበዛ ጥሬ ብሩ ያልቃል። ከተማ ለሚማር ልጅ ቀለብ በሚላክበት በመስከረም ደግሞ አስገቢው ይበዛና የስልኩ ሂሳብ ይሟጠጣል። አዲስ ተመዝጋቢ መጀመሪያ ቀን «ብር የለም» ተብሎ ከተመለሰ ወደ ጥሬ ብሩ ይመለሳል። በየወረዳው ሰው ከመመዝገብ በፊት ለወኪሎቹ ከባንክ ጥሬ ብር የሚደርስበት መንገድ መደራጀት አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

ለተጠቃሚው፦ ብዙ ብር የሚያወጣ የወኪሉ ጥሬ ብር ሳያልቅ ጠዋት ይሂድ፤ ከፋፍሎ ማውጣት የአገልግሎት ክፍያውን ሊያበዛ ይችላል። ባለ 6 አኃዙን የሚስጥር ቁጥር ራሱ ይጫን፤ ለወኪል አይንገር። መስመሩ በመሃል ከተቋረጠ ወዲያው ደግሞ አይላክ፤ የመጀመሪያው አልፎ ከሆነ ሁለት ጊዜ ይሄዳል። መጀመሪያ የማረጋገጫ መልእክቱንና ቀሪ ሂሳቡን ይመልከት።