ደብረ ማርቆስ ያለችው ጌም ቤትና የዶፓሚን ነገር

ማርቆስ ውስጥ ፕሌይስቴሽን የት ልጫወት ለምትሉ ልጆች፣ ልጄን የት ልላከው ብላችሁ ለምትጨነቁ ወላጆችም፣ መልሴ አንድ ነው። ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ከፎቶ ቤቱ ጎን ያለችው ጠባቧ ቤት። ታፔላ የላትም። በሩ ላይ ሰማያዊ መጋረጃ አለ፣ ከውስጥ ጩኸት ይሰማል፣ በቃ እሷ ናት።

ሦስት ስክሪን አላት። ሁለቱ ፒኤስ ፎር ናቸው፣ አንዱ ፒኤስ ፋይቭ። በጨዋታ 20 ብር ነው፣ ፋይቩ ላይ ትንሽ ይጨምራል። አንዱ አጋማሽ 5 ደቂቃ ነው የሚሞላው። ስሙ ኤፍሲ ከተባለ ቢቆይም ሰው ሁሉ ፊፋ የሚለው ጨዋታ ነው ቀኑን ሙሉ የሚሄደው። ሌላም ጌም አለ፣ ግን የሚጠይቅ የለም።

ዕቃው አሮጌ ነው፣ አያያዙ ግን ደስ ይላል። የጆይስቲኩ የግራ መዘወሪያ ጎማው ተልጦ ሲያልቅ ብዙ ቤት እንዲሁ በፕላስቲኩ ያጫውታል፣ አውራ ጣት ይላጣል፣ ተጫዋቹም ያልፈለገበት ይሮጣል። እዚህ ባለቤቱ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ክብ አድርጎ ቆርጦ፣ በማስቲሽ አጣብቆ፣ ጠርዙን በምላጭ አስተካክሎታል። ጣት አይንሸራተትም። እንዲህ የሚጨነቅ ሰው የከፈተው ቤት መሆኑን ያወቅኩት ከዚያች ላስቲክ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እዚህ ቤት ጎል ሲገባ ልጆቹ «ዶፓሚን!» ብለው ነው የሚጮኹት። ዶፓሚን የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል ነው፤ ቃሉን ከቲክቶክና ከዩቲዩብ ነው የለቀሙት። ጌም የሚወድ ልጅ ሁሉ ዛሬ ስለ ዶፓሚን ያወራል፤ «ዶፓሚኔ ወርዷል፣ አንድ ጌም እንግጠም» ይባባላሉ። እኔ ባዮሎጂ ስለማስተምር ቃሉን ስሰማ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ልጆቹ ማወቅ መፈለጋቸው ግሩም ነው። ግን አብዛኛው የሚወራው «ዶፓሚን ማለት የደስታ ኬሚካል ነው» የሚል ነው፣ እና ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ይቺን ቤት ለምን እንደምወዳት ለማስረዳትም ይሄን ማጥራት አለብኝ።

ዶፓሚን ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፣ ለንደን ላይ (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሰውነታችን ሌሎች ኬሚካሎችን ሲሠራ መሀል ላይ የሚያልፍበት ነገር ብቻ ይመስል ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ሬሰርፒን የሚባል፣ የአንጎልን ዶፓሚን የሚያሟጥጥ መድኃኒት ለጥንቸሎች ሰጠ፣ ጥንቸሎቹ ፈዘው መንቀሳቀስ አቃታቸው። ቀጥሎ ኤል-ዶፓ ሰጣቸው፣ አንጎል ወደ ዶፓሚን የሚቀይረውን ማለት ነው። ተነስተው ሄዱ። ካርልሰን በዚህ መስመር ሥራው በ2000 ኖቤል ተሸለመ። የፓርኪንሰን ሕመምተኞች እጃቸው የሚንቀጠቀጠው፣ እርምጃቸው የሚጎተተው ዶፓሚን የሚያመርቱት ሕዋሳት ስለሚሞቱ ነው፤ ኤል-ዶፓ እስከ ዛሬም ዋናው መድኃኒታቸው ነው። ስለዚህ ጎሉ ከመግባቱ በፊት፣ አውራ ጣታችሁ መዘወሪያውን ሲገፋ ራሱ፣ ዶፓሚን ሥራ ላይ ነው። ይሄን ስነግራቸው ልጆቹ ጆይስቲኩን ይዘው እጃቸውን ያያሉ።

ደስታውስ? ቮልፍራም ሹልትዝ የሚባል ተመራማሪ ጦጣዎች አፍ ላይ ጭማቂ ጠብ እያደረገ ዶፓሚን የሚረጩትን ሕዋሳት ያዳምጥ ነበር። መጀመሪያ ጭማቂው ሲመጣ ሕዋሳቱ ይጮኻሉ። ከጭማቂው በፊት መብራት እየበራ ከተለመደ በኋላ ግን ጩኸቱ ወደ መብራቱ ይሸሻል። ጭማቂው ራሱ ሲመጣ ዝም። መብራት በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ሕዋሳቱ ከወትሮው በታች ይወርዳሉ። ማለትም ዶፓሚን የሚለካው የመጣውን ነገር ሳይሆን የጠበቅነውንና የመጣውን ልዩነት ነው። በ2003 ያወጡት ሌላ ሥራ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፤ ጭማቂው የመምጣት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ሲሆን ሕዋሳቱ በመጠበቂያው ጊዜ ሁሉ ቀስ እያሉ እየጨመሩ ይሄዳሉ።

ይሄን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያ ቤት ገብታችሁ ሪጎሬ ጠብቁ። አርሴናልና ማንቼ ነው፣ እኩል ለእኩል፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። መቺው ጆይስቲኩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል። በረኛው እጁን ከጎኑ በተቀመጠው ልጅ ጀርባ ይደብቃል፣ ወዴት እንደሚወድቅ እንዳይታይበት። አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ወደ ፊት ያጎነብሳል። ያ ቤት ጸጥ የሚለው ያኔ ብቻ ነው። ኳሷ ከተመታች በኋላ ያለው ጩኸት ነው ዶፓሚን የሚባለው፣ እኔ ግን ከጩኸቱ በፊት ያለው ዝምታ ነው እላለሁ።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ የኬንት በሪጅን ሥራ ነው። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያለ ሰው ነው። የአይጦችን ዶፓሚን ከሞላ ጎደል አጠፋው። አይጦቹ ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ አይነኩትም፣ እንዲሁ ይራባሉ። ስኳር አፋቸው ላይ ሲደረግ ግን እንደ ጤነኛ አይጥ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። መጣፈጡ አለ፣ የጠፋው መፈለጉ ነው። ዶፓሚን ይበልጥ የፍላጎት ነገር ነው ማለት ነው፤ መፈለግና መደሰት ደግሞ ሊለያዩ ይችላሉ። እየፈለጉ መኖር አለ፣ ምንም ሳይደሰቱ።

ቤቷን ከሌሎቹ የሚለያት እዚህ ጋ ነው። ብዙ ቦታ ደንቡ ተሸናፊ ይከፍላል ነው። የተሸነፈ ልጅ ብሩን ለማስመለስ እንደገና ይገጥማል፣ ይሸነፋል፣ ይበደራል። ማታ ፊቱን ስታዩት ጨዋታውን የተጫወተ ልጅ አይመስልም። እዚህ ግን ሁለቱም እኩል ይከፍላሉ፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈም ከሦስት ጨዋታ በላይ አይቀመጥም። ወረፋው በደብተር ነው። «ጋሼ አንድ ብቻ!» የማይል ልጅ የለም፣ ጋሼም ደብተሩን ከማሳየት በቀር መልስ አይሰጥም። ጨዋታው ያልቃል፣ ልጁ ይነሳል፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ በሰው ጨዋታ ይከራከራል፣ ይስቃል። ያ መሀል ላይ ያለ ዕረፍት ለእኔ ከፒኤስ ፋይቩ ይበልጥብኛል። ፍላጎቱ የሚበርድበት ጊዜ ያገኛል፣ ደስታውም የሚነገርበት ሰው አለ።

ውርርድ ክልክል ነው። በ10 ብርም ቢሆን። ግድግዳው ላይ በማርከር ተጽፏል፣ ሲያስይዝ የተገኘ ልጅ ለዚያን ቀን ይወጣል። ከቤቲንግ ቤት ብዛት አንጻር ይሄ ቀላል ውሳኔ እንዳይመስላችሁ፣ ብዙ ገቢ ያሳጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለፓርኪንሰን የሚሰጡ፣ የዶፓሚንን ሥራ የሚተኩ መድኃኒቶች አሉ። እነሱን ከሚወስዱ ሰዎች አንዳንዶቹ ዕድሜ ልካቸውን ቁማር የማያውቁ ሆነው ሳለ በድንገት ቁማር ላይ ይወድቃሉ፣ መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቆም ብዙዎቹ ይተዉታል። በሕክምና በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ቤቲንግ ቤት ደጃፍ የሚውለውን ልጅ «ወኔ የለህም፣ ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ይሄን እናስብ።

ጌሙ ራሱም ውስጡ ቁማር የሚመስል ነገር አለው። ፓክ መክፈት የሚሉት ነው፤ ብር ከፍለህ የታሸገ ፓክ ትገዛለህ፣ ውስጡ ማን ተጫዋች እንዳለ አታውቅም፣ ወይ ኮከብ ይወጣልሃል ወይ የማይረባ። ያ የግማሽ በግማሽ ነገር በገንዘብ ተገዛ ማለት ነው። ቤልጂየም በ2018 እንዲህ ያለውን ሽያጭ የቁማር ሕጓን ይጥሳል አለች፣ ጌሙን የሚሠራው ኩባንያ በ2019 መጀመሪያ እዚያ አገር የፓክ መግዣውን ነጥብ በብር መሸጥ አቆመ። እዚች ቤት ፓክ የለም። ማሽኖቹ ከኔት ጋር አልተገናኙም፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው የሚጋጠመው።

ስለ ኔት ካነሳን፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ጠፍቶ በቆየበት ጊዜ የስልክ ጌም የለመደ ልጅ ሁሉ ግራ ሲገባው ይቺ ቤት መብራት እስካለ ድረስ ትሠራ ነበር። ሰብሰብ የምንልባት ቦታ ሆነችልን። ብዙ ጓደኝነት የተጀመረው ያኔ ነው፣ ለዚህ ብቻ እንኳ ውለታዋ አለብን።

«ጌም እንደ ሐሺሽ ነው፣ ተረጋግጧል» የሚሉም አሉ። የሚጠቅሱት በ1998 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣውን የለንደን ጥናት ነው። ሰዎች ታንክ የመንዳት ጌም ሲጫወቱ አንጎላቸው ውስጥ የሚሆነውን በሚያሳይ ፔት ስካን በሚባል ምርመራ ታየ፣ ዶፓሚን ጨመረ፣ ጎበዝ በተጫወቱት ላይ ይበልጥ ጨመረ። ትልቅ ግኝት ነው፣ በሰው ላይ በሥራ መሀል ሲለቀቅ ለማየት ከበቁት ቀደምት ጥናቶች አንዱ። ግን ተጫዋቾቹ 8 ወንዶች ብቻ ነበሩ፣ ደረጃ ባለፉ ቁጥር ገንዘብም ይከፈላቸው ነበር። ከዚያ ተነስቶ ጌም ሐሺሽ ነው ማለት አይቻልም። ዶፓሚን ምግብ ስንበላም፣ ወዳጅ ሲመጣም ይንቀሳቀሳል።

ለወላጆች ደግሞ ይሄን ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ግን መጫወት መውደድ በሽታ ነው አላለም። ልጁ ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከትምህርቱም ከቤተሰቡም ሲያስቀድመው፣ እየጎዳው እንኳ ሲቀጥል፣ ይሄም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ሲቆይ ነው። አንድ እናት መጋረጃውን ገልጠው «ልጄ እዚህ አለ?» ሲሉ፣ ባለቤቱ ልጁን አይደብቅም። «አለ እትዬ፣ ይግቡ፣ ይችን ጨርሶ ይወጣል» ይላል። እሳቸውም አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ማን እየመራ እንደሆነ ይጠይቃሉ። እኔ እንዲህ ያለ ጌም ቤት ሌላ ቦታ አላየሁም።

ጉድለቷንም ልናገር። መስኮት አንድ ብቻ ነው። ውጪ የማርቆስ ብርድ እየቆረጠ ውስጥ ትንፋሽና ካልሲ ይሸታል፣ በተለይ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋና ዝናቡ ሁሉን ልጅ ወደ ውስጥ ሲያስገባው አይቻልም። የመሀለኛው ስክሪን ጎኑ ላይ አረንጓዴ መስመር አለው፣ በዚያ በኩል ክንፍ የምትጫወቱ ከሆነ ተጫዋቻችሁን ታጡታላችሁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የለም፣ ያለቀው ጨዋታ ሂሳብ ይቆጠራል፣ ያላለቀው ይመለስላችኋል። በዚህ በኩል ፍትሐዊ ነው። ሴቶች ልጆች ግን አይመጡም ማለት ይቻላል። ማንም አልከለከላቸውም፣ ግን የመጣችዋ ልጅ ላይ ሁሉም አፍጥጦ ስለሚያይ ተመልሳ አትመጣም። ተማሪዎቼ ውስጥ ከወንዶቹ የሚበልጡ ተጫዋቾች አሉ፣ በስልክ ብቻ የሚጫወቱ። ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ለእነሱ እለቃለሁ ብሏል፣ እየጠበቅኩ ነው።

መሄድ የምትፈልጉ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ሂዱ፣ ወረፋ የለም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጢም ብሎ ነው የሚሞላው፣ ቆማችሁ ካልሆነ አይታሰብም። ዝርዝር ብር ያዙ። የመሀለኛውን ስክሪን ከሰጧችሁ በቀኝ በኩል አጥቁ፣ መስመሩ በግራ ነው።