ለአንዲት የዘይት መለኪያ "ሞተር ይውረድ" ያሉኝ

ለበዓል ወደ አገር ቤት ሄዳችሁ መኪና ለመከራየት ያሰባችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። እኔ በ2017 ገና አራት ቀን ሙሉ ያለ መኪና የቆምኩት በአንዲት ቀጭን ብረት የተነሳ ነው። ዘይት የምንለካባት ዘንግ። አንድ ጋራዥ 45,000 ብር ጠየቀኝ። በመጨረሻ የተሠራችው ዕቃውንም እጁንም ጨምሮ በ1,800 ብር ነው፤ ያውም ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ።

በረራውን ብዙ አላወራም። ከዋሽንግተን ዳለስ ቀጥታ ነው፣ በሰዓቱ ደረሰ፣ ሻንጣም አልጠፋ። አየር መንገዳችን ደህና ነው። የመኪና ኪራዩም መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ያሪስ ነው፣ 1.3፣ ነጭ። በቀን 5,500 ብር፣ መያዣ 30,000። የብር ምንዛሪ በ2016 ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሁሉን ነገር በዶላር እያካፈለ "ርካሽ ነው" ይላል። እኔም ብያለሁ። ውሉን ሳላነብ የፈረምኩትም ለዚህ ነው። ውሉ ላይ ለካ "ማንኛውም ጥገና ድርጅቱ በሚመርጠው ጋራዥ ብቻ ይከናወናል" የሚል አለ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ፈልጓት።

አርብ ታኅሣሥ 25 ጠዋት አዳማ ልንሄድ ተነሳን። አክስቴን ለበዓል ወደ አዲስ አበባ ልናመጣት ነው። ታናሽ ወንድሜ ሻንጣ ሲጭን እኔ ኮፈን ከፈትኩ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ አሰብ የሚመላለስ። ዘይት ሳያይ ሞተር አስነስቶ አያውቅም። "ደልዳላ መሬት፣ የቀዘቀዘ ሞተር፣ ምዘዢ፣ ጥረጊ፣ መልሰሽ ክተቺ፣ ደግመሽ ምዘዢ" ይለኝ ነበር። መጀመሪያ የወጣው አይታመንም፣ ዘይቱ ተለጥፎበት ነው የሚወጣው። ከሁለቱ ምልክቶች መሀል ከሆነ ጨርሰሻል። እውነቱን ልናገርና እኔ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ሆኜ ኮፈን ከፍቼ አላውቅም። ዘይት የሚቀይሩልኝ ልጆች ያያሉ፣ እኔ ስልኬን አያለሁ። አገሬ ስገባ ግን አባቴ ትዝ አለኝ፣ እጄ ራሱ ሄደ።

ቢጫዋን ፕላስቲክ ይዤ ሳብ ሳደርግ ቀጭ አለች። እጄ ላይ ቀለበቷ ቀረች፣ ብረቱ እንዳለ ቱቦው ውስጥ ቀረ። ፕላስቲኩን ሳየው ቀለሙ ገርጥቷል፣ በጥፍሬ ስነካው እንደ ደረቅ ዳቦ ፈረፈረ። የሞተር ሙቀት ለዓመታት ሲያበስለው ፕላስቲክ እንዲህ ይሆናል። ዛሬ እኔ ባልሰብረው በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ተከራይ ይሰብረው ነበር። ግን የእኔ ዕጣ ነው።

ወንድሜ ቀዳዳውን በጨርቅ ሊጠቀጥቅ ሲል ጎረቤታችን ጋሽዬ በአጥር ላይ ሆነው ጮሁበት። "ተው! ጨርቁም ገብቶ ይቀርብሃል!" ልክ ናቸው። ክፍት ይተው ማለትም አይደለም። ሞተሩ ሲሠራ ከውስጥ ትንፋሽ አለው፣ በዚያች ቀዳዳ ዘይት ሊተፋ ይችላል፣ ከውጭ ደግሞ አቧራ ይገባል። እማዬ ወፍራም ፌስታል አመጣች፣ ከላይ ሸፍነን በላስቲክ አሰርነው። ለአጭር መንገድ ያደርሳል። አዳማ ግን አያደርስም።

አከራዮቹ ጋ ደወልን። "ወደ ጋራዣችን ውሰዱት።"

የጋራዡን ስም አልጠራም፣ ሰፈሩንም አልናገርም። ወለሉ ሴራሚክ ነው። እንግዳ መቀበያ አለው፣ ሶፋ አለው፣ ልጅቷ ማኪያቶ አቀረበችልኝ። በጾም! ሥራ አስኪያጁ "ማዳም" እያለ ነው የሚያናግረኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ፣ እኔም እንደ ሞኝ ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ተቀየረ። "ይሄ ቀላል እንዳይመስልሽ" አለ። ብረቱ ወርዶ ክራንክ ሻፍቱን፣ ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረውን ዋናውን ብረት፣ ካገኘው ሞተሩን ይበላዋል፣ ስለዚህ ሞተር መውረድ አለበት፣ እስከዚያ ግን በኮምፒውተር ይፈተሻል።

በኮምፒውተር! እኔ ነርስ ነኝ፣ መካኒክ አይደለሁም። ግን ያቺ ዘንግ ሽቦ የላት፣ ሴንሰር የላት። ብረት ናት፣ ጫፏ ላይ ሁለት ምልክት ያለባት። ኮምፒውተሩ ምን እንዲል ነው የሚጠበቀው? እሱም ያው ምንም አላለም። "ችግር አላሳየም" የሚል ወረቀት ታትሞ መጣልኝ፣ ከ6,500 ብር ሒሳብ ጋር። ደረሰኝ ከፈለግሽ ቫት 15 በመቶ ይጨመራል አሉኝ። ደረሰኝ እንደ ትርፍ አገልግሎት ነው የሚሸጠው።

ሞተር ማውረዱን፣ ዘይቱን፣ ፊልትሮውን፣ "ልዩ ልዩ" የሚል መስመርም አለበት፣ ሁሉን ደምረው 45,000 አደረሱት። ያን ጊዜ በነበረው ምንዛሪ ከ350 ዶላር በላይ ነው። እሺም እንቢም ሳልል "ቆይ ላስብበት" ብዬ ወጣሁ። መኪናው እነሱ ጋ ቀረ። ስህተቴ እሷ ናት።

አርብ ከሰዓት ደወልኩ፣ ዋናው ባለሙያ የለም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የሚሠሩት፣ ተራ አልደረሰኝም። እሁድ እሁድ ነው። አክስቴ በስልክ "ኧረ ተይው፣ በሚኒባስ እመጣለሁ" አለችኝ። እንዳለችውም ዶሮዋን በእግሯ አስራ፣ ከአዳማ በሚኒባስ ተጋፍታ መጣች። ስድሳ አምስት ዓመቷ ነው። እኔ ልቀበላት ከውቅያኖስ ማዶ መጥቼ እሷ ዶሮ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ያን ቀን ማታ ተናድጄ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰኞ ጠዋት፣ ታኅሣሥ 28፣ ሳልደውል ሄድኩ። መኪናው አርብ ያቆምንበት ቦታ ላይ ነው። የኋላ መስታወቱ አቧራ ላይ ወንድሜ በጣቱ "እጠቡኝ" ብሎ ጽፎ ነበር። ጽሑፉ እንዳለ ነው። ኮፈኑን ስናስከፍት ፌስታሉ በእማዬ ላስቲክ እንደታሰረ ነው። ማንም አልነካውም። ሥራ አስኪያጁ ግን "ከዱባይ ዕቃ እየጠበቅን ነው" ይለኛል።

መኪናዬን ስጡኝ አልኩ። የፍተሻውን 6,500 ካልከፈልሽ አይወጣም። ከፈልኩ። እንደምከፍል እነሱም ያውቁ ነበር።

ወንድሜ በዝምታ ወደ መርካቶ ነዳ። በገና ዋዜማ መርካቶ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ከተክለ ሃይማኖት ጀምሮ በእግር ሄድን። ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት። ስፖኪዮህ ከጠፋ እዚያው ሄደህ ትገዛዋለህ እየተባለ የሚቀለድበት ቦታ ነው፣ እኔም በፍርሃት ቦርሳዬን አቅፌ ነው የገባሁት። ለካ የሚፈራው ሌላ ቦታ ኖሯል።

አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ከጣሪያው ሳይቀር ዕቃ ተንጠልጥሏል። "አባባ፣ የያሪስ ዘይት መለኪያ አለ?" አልኳቸው።

"ስባሪውን ይዘሽ መጥተሻል?"

ከቦርሳዬ ቢጫዋን ቀለበት አውጥቼ ሰጠኋቸው። ገለባብጠው አዩዋት። "ስንት ሲሲ ነው? የሞተሩ ቁጥርስ?" ወንድሜ በስልኩ አንስቶት ነበር፣ 2ኤንዜድ። "እንዲህ ነው" አሉ። ያሪስና ቪትዝ ሁሉ አንድ እንዳይመስልሽ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ የ1 ሊትሩ ሞተር መለኪያው ሌላ ነው አሉኝ። ሦስት ዘንግ አውርደው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። እሳቸው ከቆብዋ ሥር እስከ ምልክቷ ያለውን በስንዝር ለኩ። "አንድ ጣት ብታጥር ወይ ብትረዝም ውሸት ታወራለች። ሙሉ ነው ትልሻለች፣ ሞተርሽ ደርቆ ይነክሳል።"

አዲስ የቻይና ነበራቸው፣ ርካሽ። ያገለገለ ኦሪጅናልም ነበራቸው። ያገለገለውን ውሰጂ አሉኝ። 1,200 ብር። ቱቦው ሥር የምትገባ ጎሚኒ 100 ብር። ስልኬንም፣ ጫማዬንም፣ አነጋገሬንም አይተዋል። ዋጋው ግን ከእኔ ቀድሞ ለገባው ሰው ከተናገሩት አልተለየም፤ እሱም መለኪያ ነበር የሚገዛው። "ብረቱስ ሞተር ውስጥ ወድቆ ቢሆን?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። "ልጄ፣ ቢወድቅ እንኳ ታች የዘይቱ ገንዳ ላይ ነው የሚተኛው። ገንዳውን ከሥር ይፈታሉ እንጂ ሞተር ማን ያወርዳል? ግን አልወደቀም። ቱቦው ውስጥ ነው።"

የሚያውቁት መካኒክ እንዳለ ጠየቅናቸው። መኪናውን ያቆምንበት አካባቢ መንገድ ዳር የሚሠራ ልጅ ጠቆሙን። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ቱታው ከዘይት ብዛት ያበራል።

ልጁ ኮፈኑን ከፈተ፣ ፌስታሉን ፈታ፣ በስልኩ መብራት አየ። "እህቴ፣ ለዚህ ነው አራት ቀን?" አለኝ። ከዚያ 10 ቁጥር ቁልፍ አነሳ። ቱቦውን የያዘችው አንዲት ብሎን ናት ለካ። ፈታት። የቱቦውን ዙሪያ መጀመሪያ በጨርቅ ጠረገ፣ ቆሻሻው ሲነሳ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ ቱቦውን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ ወደ ላይ ሳበው። ከሥሩ የብረቱ ጫፍ ብቅ አለ፣ በዘይት ተነክሮ የሚያብለጨልጭ። በፒንሳ ያዘው። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። ወጣ። የወጣውን ከአዲሱ ጎን አስቀምጦ ለካው፣ ምልክቱ ከምልክቱ ገጠመ። አሮጌዋን ጎሚኒ ጣለ፣ አዲሷን ዘይት ቀብቶ አስገባ፣ ቱቦውን መለሰ፣ ብሎኗን አሰረ። ከዚያ እንደ አባቴ መዘዘ፣ ጠረገ፣ ከተተ፣ መዘዘ። ከመሀል ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ግማሽ ሊትር ጨምሩበት አለን። ይሄ ሞተር ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ነው የሚይዘው፣ ከሁለቱ ምልክት መሀል ያለው አንድ ሊትር ገደማ ነው፣ አትሙሉት፣ ሲበዛም ይጎዳል አለ። ማን አስተማረህ አልኩት። "መኪናው።"

500 ብር ጠየቀኝ። አንድ ሺህ ሰጠሁት። 300ውን መለሰልኝ፣ "ሁለት መቶዋ የበዓል ትሁን" ብሎ።

ከውጭ ጋር አላወዳድርም ብዬ ነበር፣ ግን አልቻልኩም። አሌክሳንድሪያ ቢሆን ዕቃዋን ከመለዋወጫ ሱቅ በጥቂት ዶላር እገዛታለሁ። ዋጋው ተጽፏል፣ ማንም ከየት መጣሽ አይለኝም። በየዓመቱ የመኪና ምርመራ ያን ጊዜ 20 ዶላር ነበር፣ ለሁሉም 20። ይሄ ናፍቆኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን እዚያ ያለው መካኒክም ለሰዓቱ ከመቶ ዶላር በላይ ነው የሚያስከፍለኝ፣ በፒንሳ "ቀስ፣ ቀስ" እያለም አያወጣልኝም። የተሟላ ቱቦ ይዘዝ ይለኛል። የመንገድ ዳሩን ልጅ የሚያክል እጅ እዚያ አላየሁም። የሴራሚኩን ጋራዥ የሚመስል ግን አይቻለሁ።

መኪናውን ለአከራዮቹ ስመልስ የወጣችውን አሮጌ ብረት ጭምር አስረከብኩ። መለኪያዋን መዘዙ፣ አዩ፣ "ጥሩ ነው" አሉ። ጋራዥ የቆመችባቸውን አራት ቀናት ግን ከነኪራዩ ከመያዣዬ ላይ ቆረጡ፣ 22,000 ብር። እኔ ሰብሬያለሁ፣ የዕቃዋን ዋጋ ብከፍል ቅር አይለኝም። የእነሱ ጋራዥ ፌስታል ሳይፈታ ላስቆመብኝ ቀን ለምን እከፍላለሁ? "ለሥራ አስኪያጁ በቴሌግራም ጻፊለት" አሉኝ። ጻፍኩለት፣ ከውሉና ከፍተሻው ወረቀት ፎቶ ጋር። መነበቡን የሚያሳየው ሁለቱ ምልክት ከገባ ሰንብቷል። መልስ የለም።